ሲያቃጥል ነው የሚሠራው

የእህቴ ልጅ ጥሊሊ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ፊቷን እስከ ዓይኗ ድረስ በነጠላ ተከናንባ ነበር ቡና ያቀረበችልን። የጥሊሊ ክረምት ያስከናንባልና ብርድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሦስተኛው ሲቀዳ እናቷ አላስቻላትም፤ "እስቲ ለአጎትሽ አሳዪው" አለቻት። ልጅቱ ጓዳ ገብታ ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣችና ያለውን ሁሉ ሰሌኑ ላይ ዘረገፈችው። ግማሽ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ በብልቃጥ አልኮል፣ የልብስ ሳሙና ቁራጭ፣ ጽሑፉ የተፋቀ የክሬም ቆርቆሮ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዙ ሁለት ቱቦዎች፣ በላስቲክ የተቋጠረ ደረቅ እንዶድ።

"የትኛው ተሻለሽ?" አልኳት።

"ይኼ፣ ጋሼ" አለች ወደ አንዱ ቱቦ እያመለከተች። "መጀመሪያ በሁለት ቀን ድምጥማጡን አጠፋልኝ። ስተወው ግን ብሶ ይመጣል።"

ነጠላዋን ስታወርደው ጉንጯ ላይ ያለው ብጉር ያን ያህል አልነበረም። የቀላው፣ የተላጠው፣ ውኃ ሲነካው የሚያቃጥላት በብጉሮቹ መሀል ያለው ደህናው ቆዳ ነው።

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው ሸቀጥ በደጇ ስለሚያልፍ ክሬም አይጠፋባትም። ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማዋም፣ እንጅባራና ዳንግላም ስመላለስ የሰዉን ፊት ማየት፣ ምን እንደሚቀባም መጠየቅ ጀመርኩ። የደረስኩበት ነገር አንድ ነው፦ ቀልቶና ተቆጥቶ የሚታየው ፊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ የቀላ ነው። አንዴ በብጉሩ፣ አንዴ ለብጉሩ በተቀባው።

ብጉርን ቆሻሻ አያመጣውም። ጉርምስና ሲገባ ሆርሞን የፊትን የወዝ ዕጢዎች ይቀሰቅሳል፤ ወዙ ይበዛል፤ የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተለውሶ ፀጉር የሚበቅልባትን ቀዳዳ ይደፍናል። በተደፈነችው ቀዳዳ ውስጥ ንጹሑም ቆሻሻውም ፊት ላይ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ይራባል። እስከ ቅርብ ጊዜ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኔስ ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ስሙ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ተብሏል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ ደም ወደ ቦታው ይልካል፤ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይቀላል፣ ያማል። መቅላቱ የጦርነቱ ምልክት እንጂ የእድፍ ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም የበሽታዎች ጫና ጥናት ብጉር ከዓለም ሕዝብ 9.4 በመቶውን እንደያዘና በስርጭቱ ስምንተኛው በሽታ እንደሆነ ገምቷል። "ስታገቢ ይጠፋል" የሚሉ እናቶች ከዕድሜ ጋር መቀነሱን አይተው ነው፤ ሠርጉ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ሁለት ልጅ ወልደው አገጫቸው ላይ የሚወጣባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

"መቅላት" የሚለው ቃል ራሱ በእኛ ፊት ላይ ያስቸግራል። አማርኛ ለሰው መልክ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚል የራሱ መደብ አለው፤ የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን የፊትዝፓትሪክ መደብ ያወጡት አሜሪካዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀምሩ ነጭ ቆዳን ብቻ ነበር የከፋፈሉት፤ ጠይሙና ጥቁሩ የተጨመሩት ኋላ ነው። መማሪያ መጻሕፍቱም ለረጅም ጊዜ ያሳዩት የነጭ ሰው ጉንጭ ነበር። ለንደን ውስጥ ይማር የነበረ ማሎን ሙክዌንዴ የሚባል የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ምልክቶች ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ የእጅ መጽሐፍ ከመምህራኑ ጋር እስኪያዘጋጅ ድረስ ብዙ ሐኪም ይህን በልምድ ብቻ ነበር የሚያውቀው። በቀይ ዳማ ፊት ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ቁጣ በጠይም ፊት ላይ ወይን ጠጅ ይመስላል፤ በጥቁር ፊት ላይ ጠቆር ብሎ ያልፋል። በዓይን ካልታየ በእጅ ይታወቃል፤ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል።

አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ቂጡን ምልክቱ ላይ ጫን አድርጎ በላዩ ማየት ነው። ሲጫኑት የሚደበዝዘው በደም ሥር የመጣ መቅላት ነው። የማይደበዝዘው ቆዳው ውስጥ የቀረ ጥቁረት ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ሁለቱ የሚጠይቁት ሕክምናም ትዕግሥትም ስለሚለያይ ነው። መቅላቱ ቁጣው ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። ጥቁረቱ ብጉሩ ከዳነ በኋላ ወራት ይቆያል፤ በእኛ አገር ሰዉን እጅግ የሚያስጨንቀውም፣ ወደ ማንጫ ክሬም የሚገፋውም እሱ ነው።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። ሎሚው ከሁሉ የሚታመን ነው፤ "ተፈጥሮ ነው" ይባላል። የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ግን አሲድነቷ ኃይለኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጭማቂዋና የልጣጭዋ ዘይት ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳን እንደ እሳት ይለበልባሉ፤ ጥቁር ምልክትም ትተው ይሄዳሉ። ጥቁረት ለማጥፋት የተቀባ ሎሚ ጥቁረት ሲጨምር አይቻለሁ። የጥርስ ሳሙናም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ብጉሩን "ያደርቃሉ" የሚባለው ቆዳውን ስለሚያቃጥሉት ነው።

እንዶዱ ግን ቆም ያሰኛል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ፤ ከዚያ ተነሥተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀብለዋል። አገር የሚያኮራ ታሪክ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድለውን አረፋ ግን የተላጠ ጉንጭ ላይ ማሸት ሌላ ነገር ነው፤ ሸማ የሚያነጣው ሳፖኒን ቆዳም ዓይንም ይቆጠቁጣል።

የልብስ ሳሙናውም ከዚያ አይሻልም። ጤነኛ ቆዳ ለዘብ ያለ አሲድ ነው፣ ፒኤች 5 አካባቢ። ደረቅ ሳሙና 9 ወይም 10 ነው። በቀን አራት ጊዜ በሳሙና የሚታጠብ ፊት ወደ ተፈጥሮው ለመመለስ ጊዜ አያገኝም፤ መከላከያው ተሸርሽሮ ነፋሱም ውኃውም ያቃጥለዋል።

ከጓዳው የሚመሰገንም አለ። እሬት ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ ወጥቶ የውስጡ ጥርት ያለ ሙጫ ብቻ ሲቀባ ያበርዳል። አጃ ከሁሉ ይበልጣል። በጎጃም ደጋ አጃ ለገንፎም ለእንጀራም ይሆናል፤ በደንብ ልሞ በውኃ የተበጠበጠ አጃን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 የቆዳ ጠባቂ ብሎ መዝግቦታል። ሱቅ ውስጥ በውድ የሚሸጥ "የአጃ ሎሽን" ከእናቶቻችን ወፍጮ የሚለየው በሽቶውና በጠርሙሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ማር ቁስል ላይ የቆየ ስም አለው፤ ብጉር ላይ ግን ኒውዚላንድ ውስጥ ተሞክሮ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልታየበትም። ቅቤው ደግሞ ለፀጉር ደግ፣ ለግንባር ክፉ ነው። ከፀጉር ቅባት እየወረደ ግንባርንና ጆሮ ግንድን የሚያፈላ ብጉር እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ተጠንቶ ስም ወጥቶለታል። እኛ ዘንድ ጾም ሲገባ ብጉሬ ይቀንሳል የሚሉ ልጆች ከሆዳቸው ይልቅ አናታቸውን ቢመረምሩ ደስ ይለኛል።

ፀጉር ቤቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ዳሰሳው ይጎድላል። ተራዬን ስጠብቅ ጢሙ ገና የወጣ ልጅ ከወንበሩ ላይ ነበር። ማሽኑ አንገቱን እስከ ቆዳው ድረስ ላጨው፤ ከዚያ ባለሙያው አልኮል በመዳፉ አድርጎ የቀሉ ሽፍታዎቹ ላይ ጨፈጨፈበት። ልጁ ትንፋሹን ሳበ። "ቻል እንጂ!" አለው፣ "ሲያቃጥል ነው የሚሠራው።" ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔም ነቀነቅኩ መሰለኝ። አልኮሉ ለማሽኑ ምላጭ ትክክለኛ ቦታው ነው፤ ለአንገቱ ግን አይደለም። የእኛ ከርዳዳ ጢም እስከ ሥሩ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያብጣል። መድኃኒቱ ጥቂት አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ግን ይህ እምነት፣ የቆጠቆጠ ሁሉ ሠራ የሚለው፣ ከፀጉር ቤት እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ መድኃኒት ቤት ድረስ ሰንሰለቱን ይዞት አገኘሁት።

የማያቃጥለው ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። የእህቴ ልጅ "በሁለት ቀን አጠፋልኝ" ያለችውን ቱቦ አገላብጬ አነበብኩት፦ ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞል፣ ጄንታሚሲን። አንዱ ቁጣን የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ አንዱ የፈንገስ፣ አንዱ የባክቴሪያ። ሦስቱም በየቦታቸው መድኃኒት ናቸው፤ ብጉር ግን የአንዳቸውም ቦታ አይደለም። ታዲያ ለምን በሁለት ቀን ጠፋ? ማኬንዚና ስቶውተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ዘዴ የስቴሮይድ ቅባት ጉልበት የሚለካው ጤነኛ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ምን ያህል እንዳነጣው በማየት ነው። ስቴሮይድ የደም ሥርን ያጠባል፤ ደሙ ሲሸሽ ቅላቱ ይሸሻል። ስለዚህ ያ ፈጣን መጥፋት የመዳን ምልክት አልነበረም። የቅባቱ የጉልበት መለኪያ ነበር። ክሎቤታሶል የሚባለው በዚህ ሚዛን ከሃይድሮኮርቲሶን ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ይበረታል፤ እሱንም ፊታቸው ላይ የሚለቀልቁ አሉ።

ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ በአፍ ዙሪያ ጥቃቅን ሽፍታ ይፈላል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ሲያቆሙት የታፈነው ደም ተመልሶ ይጎርፋል፤ ፊት ይቀላል፣ ይነዳል። ያን ጊዜ ሰው "ያለ እሱ አልኖርም" ብሎ ይመለሳል። ህንድ ውስጥ ይህ ነገር ከመብዛቱ የተነሣ ሐኪሞቹ በስቴሮይድ የተጎዳ ፊት የሚል ስም አወጡለት፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 አሥራ አራት ዓይነት የስቴሮይድ ክሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም ውበት መጠበቂያንም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ቱቦው ግን የእህቴን ልጅ ፌስታል ያለ አንድ ጥያቄ ነው የገባው። የሸጠላትን ሰው አልወቅሰውም ለማለት ይከብደኛል።

ጽሑፉ የተፋቀው ቆርቆሮ ምን እንደያዘ እንኳ ማወቅ አልተቻለም፤ እኔ ዘንድ ያ ብቻውን ለመጣል በቂ ምክንያት ነው። ማንጫ ክሬሞች ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድና ሜርኩሪ ሲገኙ ዘመናት አልፈዋል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት ውበት መጠበቂያ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል። ደቡብ አፍሪካ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መተው። ሁሉንም። ለሁለት፣ ሦስት ሳምንት ፊት በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሽቶ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ በጣት ብቻ ይታጠባል፤ ሳይፈተግ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። የተላጠው ቦታ ላይ ስስ ቫዝሊን ይደረጋል፤ ቫዝሊን ቅባት ስለሆነ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለው ስህተት ነው። የሚነድ ፊት ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ ነው፤ የጥሊሊ የጠዋት ውኃ በረዶ አያስፈልገውም። ለወራት ስቴሮይድ የቀባ ሰው ግን በድንገት ብቻውን ከማቋረጥ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል፤ የሚመጣው ንዳድ ያስደነግጣልና። ብጉሩን አለማፍረጥ ከምክሮች ሁሉ ቀላሉና የማይሰማው ነው።

ቆዳው ሲረጋጋ የብጉሩ መድኃኒት ይጀመራል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ንጽጽር 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው እኩል እንደሚሠራና ያነሰ እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። ስለዚህ "ኃይለኛውን ስጡኝ" ማለት ገንዘብ አውጥቶ ፊት ማቃጠል ነው። አዳፓሊን የሚባለው ጄል የተደፈነውን ይከፍታል፤ ለመላው ፊት የአንድ አተር ፍሬ የምታህል፣ ማታ ማታ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለሉ። ውጤቱ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ነፍሰ ጡር አትቀባውም።

ለቅላቱም ለጥቁረቱም በአንድ ጊዜ የሚሆን ልመርጥ ብባል አዜላይክ አሲድን እመርጣለሁ። በተፈጥሮ ገብስና ስንዴ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፤ በገብስ አገር ይህን መናገር ያስደስታል፣ ምንም እንኳ በሶ መጠጣት ብጉር ባያጠፋም። የ15 በመቶው ጄል ሮዛሽያ ለሚባለው የፊት መቅላት፣ የ20 በመቶው ክሬም ለብጉር ይታዘዛል፤ ለነፍሰ ጡርም አያስፈራም። ችግሩ በትንሽ ከተማ ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው።

ብጉሩ ሲበዛና ሲጠልቅ ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ወራት ይዋጣል፤ በብዙ ውኃ፣ ውጦ ወዲያው ሳይተኙ፣ ለነፍሰ ጡርና ለትናንሽ ልጆች ፈጽሞ ሳይሰጥ። ከዚያ በላይ ያለው አይሶትሬቲኖይን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈቀደ፣ ከባዱን ብጉር በእርግጥ የሚያድን፣ ጽንስን ደግሞ በእርግጥ የሚያበላሽ። ከዘመድ ሻንጣ ተልኮ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ፀሐይን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ በደጋ ፀሐይዋ ስለማትሞቅ የማትጎዳ ትመስላለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የጨረሩ ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስስ ደመናም እስከ 80 በመቶውን ያሳልፋል። በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሜዳ ላይ ሲውል ውሎ ማታ ፊቱ የሚለበለበው ሰው ይህን ያውቀዋል። አዳፓሊን የሚቀባ ደግሞ ይብስበታል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ዋጋው ለብዙ ቤት አይቀመስም፤ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ግን በየገበያው አለ።

ሁሉም የፊት እብጠት ብጉር አይደለም። ወራት አልፎት የማይፈርጥ፣ የማያምም፣ ቀስ እያለ የሚሰፋ አንድ እብጠት ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የደጋ በሽታ ነው። ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ የሚያሳክክ ክብ ነገር ጭርት ነው፤ ስቴሮይድ ሲቀባ መልኩን ቀይሮ ይደበቅና ይሰፋል። ሲነኩት የማይሰማ የነጣ ቦታ ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ ይታሰባል።

እነዚህ የሚታዩበት ቦታ አለ። እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደሴ አጠገብ በቆዳ ሕክምናው የታወቀው ቦሩ ሜዳ፣ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተመሥርቶ የአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ማዕከል የሆነው አለርት አሉ። አቅሙ ሲፈለግ እንደሚገኝም ታይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር እከክ በአማራ ክልል ሲስፋፋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሯል፣ ሲሶው ያህል ተይዞ ተገኝቷል። ብጉር ግን ጤና ጣቢያ ይዞ የሚሄደው የለም። የሄደም "ይኼ ደግሞ በሽታ ነው?" ተብሎ ይመለሳል። የእህቴ ልጅ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም ነበር። እናቷ ይህን የነገረችኝ ልጅቱ ወጣ ስትል ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ፌስታሉን ይዛ። በአራተኛው ወር ስደውል ጉንጯ በርዷል፣ ጥቁረቱ ገና አለ፣ ትምህርቷን ቀጥላለች። "ታዲያ ምን ቀረሽ?" ስላት እናቷ ስልኩን ቀማቻት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ እንደሚያነጣ ሳልነግራቸው ረስቼ ኖሯል፤ ልጅቱ ማታ ተቀብታ በዚያው ነጠላ ተከናንባ ተኝታ የጥለቱን አረንጓዴ ቦታ ቦታውን ድንች አስመስሎታል። "የቀሚሱ ጥለት አረንጓዴ፣ የነጠላው እንዲህ! ለዓመት በዓል ምን ልታለብሳት ነው?" አለችኝ። ጥለት ብቻውን ይሸጥ እንደሆነ እያጠያየቅኩ ነው።